በሰው ግድግዳ ላይ የጻፍኩት አራት ቁጥር

ቁጡ ሴት ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ ቆሰበር ከተማ ውስጥ ያስተማርኳቸውን ብትጠይቁ እነሱ ይነግሯችኋልና ልቅደማቸው ብዬ ነው። ጡረታ በወጣሁበት ዓመት መጨረሻ ላይ ፈተና ሳርም «ስለ ከተማችሁ ታሪክ ጻፉ» ለሚለው ጥያቄ አንዱ ተማሪ «ከተማችን ታሪክ የላትም፤ ታሪክ ያለው ጎንደር ነው» ብሎ መለሰ። እስክሪብቶዬን ወርውሬ ተነሣሁ። ዜሮ ልሰጠው ነበር። ግን ወረቀቱን ደጋግሜ ሳየው ልጁ የጻፈው እኔው ያስተማርኩትን ሆኖ አገኘሁት። ስለ ጎንደር ግንብ አስተምሬዋለሁ፣ ስለ አክሱም ሐውልት አስተምሬዋለሁ፤ ጠዋትና ማታ በፊቱ ስለሚያልፈው ቤት ግን አንድ ቃል ነግሬው አላውቅም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲገባኝ ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት።

መፍትሔውን ያመጣችው ባሕር ዳር የምትሠራው ልጄ ናት። በሌላ አገር ከተሞች ሰው ያለ አስጎብኚ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ ይዞ፣ በየግድግዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እየተከተለ የሰፈሩን ታሪክ ብቻውን እያነበበ እንደሚዞር በስልኳ አሳየችኝ። ሙሽራ እንዳየች ልጅ አፌን ከፍቼ አየሁት። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም።

ክረምቱን ሙሉ ጻፍኩ። ዘጠኝ ማረፊያ ወጣልኝ። አንድ ቁጥር የእኔው አጥር ነው፤ አባቴ ከከተማዋ የመጀመሪያዎቹ ልብስ ሰፊዎች አንዱ ስለነበር። ሁለት ቁጥር የከተማዋ የመጀመሪያ ያልኩት አሮጌው ወፍጮ ቤት፣ ሦስት ቁጥር ወንበርና ቅርጫት የሚሠሩት የቀርቀሃ ሠራተኞች መደዳ። አራት ቁጥር የሐጂ ቤት ነው፤ ዛሬ የባጃጅ መቆሚያ በሆነው በድሮው ገበያ ጥግ ላይ ያለ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው የእንጨትና የጭቃ ቤት። ሐጂ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ በረንዳው ላይ ክብሪትና ሳሙና የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። በወረቀቴ ላይ «የቀድሞ የጨው መጋዘን» ብዬ ጻፍኩት። ማን እንደነገረኝ አላስታውስም፤ የጠየቅኩት ሰው ግን አልነበረም።

ቁጥሩን የምጽፍበት ቀለም ልገዛ ሄድኩ። ሰማያዊ ፈልጌ ነበር፤ ባለ ሱቁ የቀረው ቀይ ብቻ ነው አለኝ። ቀለም ቀለም ነው ብዬ ገዛሁ።

እሑድን መረጥኩ። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው አልኩ። በሥራ ቀን ብወጣ ሰው ያየኛል፤ ካየኝ ይጠይቀኛል፤ ከጠየቀኝ ይመክረኛል፤ የቆሰበር ሰው ምክር ከጀመረ ደግሞ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ይደርቃል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቅዳሴዬን ትቼ በማለዳ ጭጋግ ብሩሽና ጣሳ ይዤ ወጣሁ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ፣ እያንዳንዱን ወደ ቀጣዩ ከሚጠቁም ቀስት ጋር ጻፍኩ። እጄ የጥቁር ሰሌዳ እጅ ነው፤ ቁጥሮቹ ከሩቅ ያምሩ ነበር። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ እቤቴ ገብቼ እጄን በቤንዚን ታጠብኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ቁርስ የበላሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

እንጀራውን ሳልጨርስ ጩኸት ሰማሁ።

በእኛ አገር ቀይ ቀለም ግድግዳ ላይ ሲታይ ትርጉሙ አንድ ነው፤ መንገድ ሊከፈት ነው፣ ቤቱ ይነሣል። አስፋልቱ የሰፋ ጊዜ በዳር ያሉት ቤቶች ሁሉ እንዲህ ቁጥር ተጽፎባቸው ነው የተነሡት። ይህን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ የእኅቴ ማድ ቤት የሄደው በዚሁ ነው። ግን ታሪክ ታሪክ ስል ክረምቱን ሙሉ ከርሜ የዛሬውን ረሳሁት። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።

በሩን ስከፍት ጎረቤቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ቆማለች። የእድራችን ዳኛ ናት፤ ሃምሳ ሰው ፊት የማትፈራ ሴት። አጥሬ ላይ ያለውን አንድ ቁጥር አይታ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እኅቴ፣ አንቺንም ነኩሽ?» አለችኝና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

በዚያች ደቂቃ «እኔ ነኝ» ብል ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። አልኩ? አላልኩም። ከእሷ ኋላ አሥር ሰው ቆሟል፤ አሥሩም ጻፊውን እጁ ይሰበር እያሉ ይራገማሉ፤ እጄ ደግሞ ገና ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ያን ሁሉ ዓመት «ጥፋቱን የሠራ እጁን ያውጣ» እያልኩ ተማሪ ሳስጨንቅ የኖርኩ ሴት፣ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ነቀዘ።

ሰኞ ዕለት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ማዘጋጃ ቤት ሄደው ጠየቁ። «እኛ የጻፍነው ቁጥር የለም» ተብለው ተመለሱ። ሰፈርተኛው ይህን ሲሰማ «የለም ካሉማ በቃ፣ እርግጥ ነው!» አለ። ማክሰኞ የሰባት ቁጥሩ ባለቤት ዶዘር ከሚበላው ብሎ የአጥሩን ቀርቀሃ ከሥሩ ቆርጦ ጨረሰ። እኔ በየዕለቱ ነገ እናገራለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ጥፋቱ ከትናንቱ ይበልጥ ከብዶ ይጠብቀኛል።

ረቡዕ ጠዋት ከድሮው ገበያ በኩል የመዶሻ ድምፅ ሰማሁና ሮጥኩ። አራት ቁጥር በር ላይ አይሱዙ ቆሟል። ዳንግላ የሚኖረው የሐጂ ልጅ ሁለት ሠራተኛ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጥቷል፤ ቆርቆሮውን አንድ ባንድ እየነቀሉ ያወርዳሉ። ልጁ አባቱን ወደ ዳንግላ ለመውሰድ ዓመታት ለምኗል። ሐጂ ሁልጊዜ «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ነበር መልሳቸው። አሁን በእግራቸው ሊወጡ ነው፤ ቀይ ቁጥሬ ክርክሩን ጨርሶለታል። መንገድ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጣሪያቸው ሲወርድ ያያሉ።

«ሐጂ» አልኩና እጄን እንደገና ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ረዥም ጊዜ አዩኝ። «ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ፤ ልጃቸው ደግፎ መኪናው ውስጥ አስገባቸው። አይሱዙው ቆርቆሮውን እያንኳኳ ወረደ። ቤቱ ኮፍያውን እንደተቀማ ሽማግሌ ራሱን ተገልጦ ቆሞ ቀረ፤ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ያን ጊዜ ራሴን ጠላሁ። በአንድ ቤት ላይ ታሪክ አለ ብዬ ቁጥር ጻፍኩ፤ ቁጥሩ ቤቱንም ባለቤቱንም ነቀላቸው።

በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱንም ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሰደበችኝ። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ሰደበችኝ። በመጨረሻም ጓሮ ወጥታ የእጅ ወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች።

«ነገ ዳንግላ እንሄዳለን፤ ይህን ተሸክመሽ» አለች።

«እዚያው ድንጋይ ጠፍቶ ነው?»

«ጥፋቱን እዚህ ሠርተሽ ድንጋዩን ከዚያ ልትበደሪ ነው? አንሺ!»

ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ደጅ መውደቁ የአገራችን ደንብ ነው። በሚኒባስ ሲሆን ግን እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት። ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ «እናቴ፣ ይሄ ጭነት ነው ወይስ ሰው?» አለ።

«ጥፋት ነው፤ ዝም ብለህ ንዳ» አለችው ጎረቤቴ።

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወዲያው ገባው። ከዚያ በኋላ ዳንግላ እስክንደርስ ምክር ነው። አንዱ አንገቴን እንዴት እንደምደፋ ያሳየኛል፤ ከኋላ ያሉ እናት «ብዙ አታውሪ፣ ብዙ የሚያወራ ያልተጸጸተ ነው» ይሉኛል። ምክር ሽሽት በእሑድ ማለዳ የወጣሁት ሴት፣ ያመለጥኩትን ሁሉ በአንድ መንገድ ከነወለዱ ተቀበልኩ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ቀለል አለኝ።

የሐጂ ልጅ ቤት አዲስ፣ በብሎኬት የተሠራ፣ ንጹሕ ቤት ነው። ሐጂ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ግንብ እንጂ መንገድ የለም። የነቀሉት ቆርቆሮ ግንቡ ሥር ተደርድሯል። ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

«ሐጂ፣ ያ ቁጥር የማዘጋጃ ቤት አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቤትዎን ማንም አያፈርሰውም። አፉ ይበሉኝ።»

ድንጋዩ ትከሻዬን ቆረጠኝ።

«አንቺ እንደጻፍሽውማ አውቃለሁ» አሉ።

ቀና ልል ስል ጎረቤቴ በእጇ መልሳ ደፋችኝ።

«በመስኮቱ አየሁሽ» አሉ ሐጂ። «ጣሳሽን በረንዳዬ ላይ አስቀምጠሽ ስትጽፊ፣ ከውስጥ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ወጥተው ያልተቆጡኝ?»

«የቀበሌ ልጅ ጽፎት ቢሆን ኖሮ በከዘራዬ እወጣለት ነበር፤ እከራከርም ነበር። ያየሁት አንቺን ነው። ይህች ልጅ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ቤቱን ታውቀዋለች፤ የተማረች ናት። እሷ እጇን ካነሣችበት ነገሩ ከላይ አልቋል፤ መከራከር ለምኔ አልኩ። ሰፈሩ ጻፊውን ሲረግም ስምሽን አላነሣሁም። ለአባትሽ ጉርብትና ብዬ።»

ሰፈሩ ሁሉ ሲራገም፣ ጣሪያቸው ሲወርድ፣ «ደህና ነሽ ልጄ» ሲሉኝ፣ እኔ የደበቅኩትን እጅ እሳቸውም ደብቀውልኝ ነበር።

«ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው ብዬ ነው» አልኩ። ይህ ነው ከአፌ የወጣው።

«ሰው ሁሉ?» አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸውን ግን አላነሡም። «እኔስ ልጄ?»

ድንጋዩ ያን ጊዜ አልከበደኝም፤ ቃሉ ከበደኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ገበያውን መሃል አድርገን ማዶ ለማዶ ኖረናል። የበዓል ዳቦ ስንልክ፣ የዒድ ቴምር ሲልኩልን አድጌያለሁ። እሑድ ጠዋት ሰፈር ውስጥ ሰው የለም ስል እሳቸውን አልቆጠርኳቸውም። የተናደድኩበት ተማሪ «ታሪክ የላትም» ብሎ ከጻፈው የእኔው ባሰ።

«በይ አውርጂው፤ አፉ ብዬሻለሁ» አሉ። አወረድኩ። ለምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ፤ ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላቸው። አራት ቁጥር ላይ ስደርስ ከወንበራቸው ሊነሡ ቃጡ።

«የጨው መጋዘን? በእኔ ቤት? ጨውማ ከጀርባ ነበር፤ የሌላ ሰው!»

ከዚያ ነገሩኝ። በገበያ ቀን ዝናብ ሲጥልና ወንዝ ሲሞላ፣ ከግምጃ ቤትና ከአዘና ገጠር የመጣው ገበሬ መመለሻ ያጣል። ፈረሱ በረንዳው ላይ ይታሠራል፤ ሰው እቤት ይገባል። በአማርኛ የሚያወራውም በአዊኛ የሚያወራውም አንድ እሳት ዙሪያ ይተኛል። አብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ የእስላም ቤት ሥጋ አይበላም። ሐጂና ሚስታቸው እንግዳ ሳይበላ እንዳይተኛ ብለው ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻው ድስት፣ ለብቻው ጉልቻ አዘጋጁ። ድስቱን ግን ሚስታቸው አይነኩትም፤ ክርስቲያን ማብሰል አለባት።

«ማን ታበስል ነበር?» አልኩ፤ ብዕሬን አውጥቼ ለመጻፍ ተዘጋጅቼ።

«እናትሽ ነቻ።»

ብዕሩ እጄ ላይ ቀረ። እናቴ በገበያ ቀን አምሽታ የምትገባ ሴት ነበረች። ልብሷ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ገበያ አምሽታ ነው ብዬ አድጌ፣ ብዬ አርጅቼ፣ እሷንም ቀብሬያለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስለ አባቴ መርፌ አንድ ገጽ የጻፍኩት ሴትዮ፣ የእናቴን ማድ ቤት የጨው መጋዘን ብዬው ነበር። እዚያው ሰው ግቢ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጎረቤቴም አብራኝ አለቀሰች፤ እሷ ለቅሶ ካገኘች አትምርም።

ያን ጊዜ ልጃቸው ተናገረ። በደንብ የሚናገር ሰው ነው። «ቤቱ ባይፈርስስ?» አለ። «አባቴ ሌሊት ቢወድቅ ማን ያነሣዋል? ክብሪት ሊገዛ ካልሆነ በሩን የሚያልፍ ሰው እንደሌለ እናንተም ታውቃላችሁ።» ልክ ነበር። ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ወረቀትሽ ሰው ያመጣል?»

«ያመጣል ብዬ ነበር።»

«ግድግዳ እያነበበ ለሚያልፍ ሰው እኔ አልመለስም። ገብቶ የሚጠይቀኝ ከሆነ እመለሳለሁ።»

ልጃቸው እስከ ዓርብ አሰበበት። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ በየማታው አንድ ሰው በራቸውን አንኳክቶ ሳያይ እንዳይተኛ ተራ ስታወጣ እሺ አለ። የመጀመሪያውን ሳምንት ተራ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሁለተኛውንም።

ቅዳሜ ደቦ ወጣን። ቆርቆሮው በዚያው አይሱዙ ተመለሰ። ቀርቀሃውን የቆረጠው ባለ ሰባት ቁጥር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሚስማር ሲመታ «ቲቸር፣ የእኔንስ አጥር በየትኛው ቁጥር ትተክይልኛለሽ?» እያለ ሰውን ሲያስቅ ዋለ። ቀርቀሃው እንደገና እስኪበቅል ድረስ አጥሩን በሽቦ ያጠርኩለት እኔ ነኝ። ዘጠኙንም ቁጥር በቤንዚንና በጨርቅ ጠረግኩ። በሐጂ ግድግዳ ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ አልለቅ ብሎ ሐመር ሆኖ ቀረ፤ ሐጂ ተዪው አሉ።

ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩት፤ አሁን እያንዳንዱን ባለቤት ጠይቄ። ሁለቱ አንፈልግም አሉ፤ ዘጠኙ ሰባት ሆነ። ወፍጮ ቤቱም እኔ እንዳልኩት የከተማዋ የመጀመሪያ አልነበረም። የአራት ቁጥርን ታሪክ ግን ሐጂ እንዳልጽፈው ከለከሉኝ። «ከጻፍሽው አንብበው ያልፋሉ» አሉ። ስለዚህ በዚያ ቦታ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በረንዳው ላይ ቆመው ‹ቤቶች› ይበሉ።»

የመጀመሪያዋ ተጓዥ ወደ ከተማችን በቅርቡ ተዛውራ የመጣች ነርስ ናት። ወረቀቱን ከሱቅ አንሥታ ነው የመጣችው፤ እኔን አታውቀኝም። ባጃጆቹ መካከል ቆሜ ከሩቅ አየኋት። በረንዳው ላይ ወጥታ ወረቀቱን አነበበች፤ ዞር ዞር አለች፤ እንደገና አነበበች። «ቤቶች» ስትል ድምፅዋ ለድመት እንኳ አይሰማም ነበር። ጮክ በይ እንጂ ልላት ስል በሩ ተከፈተ።

መንገዱ ሁለት ሰዓት እንዲፈጅ አድርጌ ነው ያቀድኩት፤ በየማረፊያው አሥር አሥር ደቂቃ። አምስት ቁጥር ጋ ሄጄ ጠበቅኳት። አልመጣችም። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። ቁጣዬ ተነሣ፤ እንዲህ ከሆነ ሰባቱን መቼ ልትጨርስ ነው? ተመልሼ ሄድኩና በረንዳው ላይ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ፤ በአስተማሪ ድምፅ።

«ግቢ!» አሉ ሐጂ ከውስጥ።

ነርሷ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ወረቀቱ መሬት ላይ ወድቋል፤ እሷም ረስታዋለች። ሐጂ ፊታቸው በርቷል። በከዘራቸው ባዶ በርጩማ አመለከቱኝ።

«ስለ እናትሽ እየነገርኳት ነው» አሉ። «ተቀመጪ፤ ይሄን አንቺም አልሰማሽውም።»

ተቀመጥኩ።